ርካሽ ከተማ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት ይገባበታል የተባለው ጥልቅ
ጉድጓድ ነው፤ ልጆች ጠጠር ጥለው ያዳምጣሉ ሲወድቅ።
ውኃ ሐሙስ ሌሊት ትመጣለች፣ ከመጣች፤
ስትቀር፣ እትዬ ብርነሽ ከታች ሆና «ነገ ናት» ትላለች።

ከመምህር ደሞዝ ላይ ኪራይ ሲቀነስ፣
ታክሲ፣ ዘይት፣ የወንድሜ መድኃኒት ሲቀነስ፣
የተረፈችው ብር አትደርስም የጫማ ሶል ለማደስ።

እናም የሰባተኛ «ለ»ን ፈተና ሳርም አመሸሁና፣
አንዱን ወረቀት ገልብጬ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ መብራት ሳይጠፋ ገና፣
ዩዋኑን ወደ ብር፣ ብሩን ወደ ዳቦ እያዞርኩ፣
ከተሞች ደረደርኩ።

ሻንጋይን አልጻፍኳትም፤ ኪራይዋን ስሰማ ሳቅኩኝ፣
ቦሌን በታክሲ መስኮት እንደማያት፣ አየት አድርጌ አለፍኩኝ።
ሃርቢን ቤቱ ርካሽ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፣
ካፖርቱ ብቻ የሦስት ወር ኪራይ ይበላል።
ሰረዝኳት።
ናኒንግ ወበቅ ነች። መተሐራ ሦስት ዓመት አስተምሬ
ያላበኝ ይበቃኛል፤ ላብ ፍለጋ አልወጣም ካገሬ።
ኩንሚንግ ዓመቱን ሙሉ መስከረም ናት አሉኝ፤
ይህን ግን ሌላውም ሰምቷል፣ ተከራዮቿ ቀደሙኝ።

ለቲኬቱ እቁብ ገብቻለሁ። ዕጣዬ አልወጣም እስካሁን፤
ዳኛው ስም በጠራ ቁጥር ልቤ ይቆማል፣ እስኪለይ የሌላ ሰው መሆኑን።

ቅዳሜ ከፍሬስብሃት ጋር ዱከም ወረድኩ፣ ጫማ ፋብሪካ፣
እሱ ከሚያስተረጉምበት። አለቃው ሊዩ ነው ስሙ፤ ሠራተኛው «ልዩ» ይለዋል ለካ።
ወረቀቴን አየ። ሲጋራውን አጠፋ።
«ጉዪያንግ» አለኝ፣ ቃል በቃል እየገፋ፤
«ቤት፣ ርካሽ። በርበሬ፣ አለ። ፀሐይ፣ የለም።
ደመና ብቻ። አንቺ፣ ደመና፣ ችግር የለም?»
«የሐምሌ ልጅ ነኝ» አልኩት። ፍሬስብሃት ሳቀ እንጂ አልተረጎመም።

የቀጣሪዎቹን ቅጽ አሳየሁት። ከላይ፣ በደማቁ፣
«እንግሊዝኛ የእናትዎ ቋንቋ ነው?» ብለው ጠየቁ።
የእናቴ እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው፣ «ቻርጀር» እና «ኔትወርክ»፤
ሁለቱንም የምትጠራቸው ሲታጡ ነው፣ እንደ መልአክ።
እኔ ግን «ኤስ» የት እንደምትገባ፣ የት እንደምትቀር አውቃለሁ፣
ስምንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤
ፓስፖርቴ ነው እንጂ የሚኮላተፈው።

ሊዩ መሳቢያውን ስቦ አንድ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ፣
ከስድስት ዓመት በፊት የጻፈው፣ ከቤቱ ሳይወጣ።
የከተሞች ስም ነው፣ ከጎናቸው ቁጥር። ፍሬስብሃት አነበበልኝ፤
ሉሳካ፣ ተሰርዟል። ካምፓላ፣ ተሰርዟል።
ከታች፣ በክብ ውስጥ፣ ዱከም።
«ሚስቴ፣ አለቀሰ» አለ። «እኔ፣ ርካሽ፣ አልኩ። ርካሽ። አይዞሽ።»
በመስኮቱ የሲኖትራክ አቧራ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ጥላ ያጣ አህያ።
እኔን ያቃተኝን አገር እሱ በርካሽነቷ መረጣት፣
ቃሉን ሲላት ግን ያባብላት ነበር እንጂ አላናናቃት።

እሁድ ማታ ጉዪያንግን ከበብኳት፣ በቀዩ።

ሰኞ፣ ሰባተኛ «ለ»፣ ርዕሱ የወደፊት ጊዜ ነው።
«እሄዳለሁ» ጻፍኩ። ከጎኑ፣ እንደገና፣ «እሄዳለሁ»።
በየጠዋቱ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ታክሲ ሰልፍ እሄዳለሁ።
ጉዪያንግ እሄዳለሁ።
እንግሊዝኛው ለየብቻ ልብስ ሰፍቶላቸዋል፤ አማርኛችን በአንድ ያብቃቃል፤
የዘወትሩን ከሚመጣው ማን ይለየዋል?

ሲፈን፣ ከኋላ ወንበር፣ የታረመ ፈተናዋን ገልብጣ እጇን አወጣች።
«ቲቸር፣ ይሄ የጂኦግራፊ ነው?» አለች።
«ጉዪያንግ ተከቧል። መልሱ እሱ ነው?»

ጠመኔው እጄ ላይ ደቀቀ።
«ገና አላረምኩትም» አልኳት።